እትዬ ፍሬን የተፈተኑ ዕለት

የኢንሹራንሱ መልእክት የገባው ኬክ ጋጋሪዋ እስከ ክርኗ ክሬም በክሬም ሆና ሳለ ነው። ለሰርግ የታዘዘ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ እየለበጠች ነበር። በትንሿ ጣቷ ስልኩን ከፍታ አነበበችው። አላመነችም፤ ደግማ አነበበችው። የመኪናዋ ኢንሹራንስ መታደሻው ደርሷል፤ ክፍያው ግን የአምናውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

«ተሳስተው ይሆናል» አለች ለራሷ። ይህን እያለች ግን የኬኩ አንድ ጎን ወልገድ ብሎባት ክሬሙን ፍቃ እንደገና ለበጠችው።

መኪናዋ ያረጀች ነጭ የቤት መኪና ናት። ያለሷ ሥራ የሚባል ነገር የለም፤ በአውቶቡስ ተጭኖ ቅርጹን ሳይለቅ ሙሽሮቹ ዘንድ የሚደርስ ኬክ ገና አልተፈጠረም። ደግሞም ይቺ መኪና ከማንም ጋር ተነካክታ አታውቅም። ስለዚህ በማግስቱ ኬክ ጋጋሪዋ ሽርጧን አውልቃ በቀጥታ ወደ ኢንሹራንስ ቢሮው ሄደች።

የወረፋ ቁጥር የሚሰጠው ማሽን ተበላሽቶ ሰዉ «ከማን ኋላ ነኝ?» እየተባባለ ነው የቆመው። ተራዋ ሲደርስ ጉንፋን የያዘው አንድ ሠራተኛ አፍንጫውን እየጠረገ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት።

«ስህተት አይደለም እህቴ። ዘንድሮ ተመኑ ተቀይሯል። ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ አሽከርካሪ የተመዘገበበት መኪና ላይ ጭማሪ አለ። እዚህ ሁለት ሰው ነው ያለው። አንዷ አንቺ ነሽ፤ ሌላዋ ማን ናቸው?»

«አማቴ።»

«እንግዲህ የሳቸው ስም ቢወጣ አብዛኛው ጭማሪ ይቀርልሻል። አይሆንም ካልሽ ከኛ ፈታኝ ጋር ወጥተው ይንዱ፤ የዓይን ምርመራም ያምጡ። ካለፉ ይነሳላችኋል።»

ስማቸው ይውጣ ሲል እንዴት እንደቀለለው! ሰውዬው አማቷን አያውቃቸውም።

አማቷ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት ናቸው። የከተማው ግማሽ መሪ የጨበጠው በሳቸው እጅ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ተማሪ መስቀለኛ መንገድ ላይ ትንሽ ከፈዘዘ «ፍሬን!» ብለው የሚጮኹት ጩኸት ሕንጻ ላይ ያለውን ሰው በመስኮት ብቅ ያሰኝ ስለነበር፣ እትዬ ፍሬን የሚለው ስም ወጣላቸው፤ በዚያው ቀረ። ኬክ ጋጋሪዋም ያኔ ተማሪያቸው ነበረች። ባሏን ያገኘችው እዚያው ማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ ነው፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ሊሠራ መጥቶ። እናቱ ነገሩ ሲገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት፦ «ልጄን ማግባት ትችያለሽ። ስፖኪዮ ሳታዪ ግን መስመር አትቀይሪም።»

ማታ ራት ከተነሳ በኋላ ባልና ሚስት ማድ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ተያዙ።

«ስሟን አስወጪው በቃ» አለ ባል። «ማን ይነግራታል?»

«ቁልፉ መስቀያው ላይ ነው ያለው። ቅዳሜ አስቤዛ ሊገዙ ይዘዋት ቢወጡና አንድ ነገር ቢነኩስ? ያለ ኢንሹራንስ እኮ ነው የሚሆኑት።»

«ቁልፉን እንደብቃለና።»

«ከእናትህ? አንተ ተወልደህ እስክታድግ ምን ደብቀሃቸው ታውቃለህ? ይልቅ ፊት ለፊት ንገራቸው።»

«እኔ?» ሰውዬው በድንገት ውሃ ጠማው፤ ብርጭቆ የሚፈልግ መስሎ ጀርባውን ሰጣት።

«ምኑን ነው የሚነግረኝ?» አለ አንድ ድምፅ። እትዬ ፍሬን ሻሻቸውን ሸብ አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል።

ከዚያ በኋላ መደበቅ አልተቻለም። ምራታቸው የሆነውን ሁሉ ከመልእክቱ ጀምራ ነገረቻቸው። እሳቸው እስክትጨርስ ሰሟት።

«እኔ ነኛ ያስወደድኳት?»

«እርስዎ ሳይሆኑ ሕጉ ነው እማማ።»

«ሕጉ ስለኔ ነው የሚያወራው። በሉ ፈታኛቸውን ጥሩልኝ። እኔ ስንቱን ለፈተና ያበቃሁ ሴትዮ ፈተና አልፈራም። የዓይኑን ወረቀት ከዚያ በኋላ እናመጣለታለን።»

ፈታኙ ሰውነቱ ከበድ ያለ፣ ፀጉሩ የሸሸ ሰው ሆነ። መኪናዋ አጠገብ ደርሶ ቀና ሲል ፊቱ ተለወጠ።

«እትዬ ፍሬን! አላወቁኝም?»

«እኔ ዘንድ ነው የተማርከው?»

«አዎ። ገና ነህ ብለው ከፈተና ወረፋ ላይ አስወጥተውኝ ነበር።»

«ታዲያ ልክ ነበርኩ?»

ሰውዬው አንገቱን አከከ። «ልክ ነበሩ።»

ኬክ ጋጋሪዋ ከባዶ የኬክ ካርቶኖች ጋር ከኋላ ተቀመጠች። እትዬ ፍሬን ወንበሩን አስተካከሉ፣ መስታወቶቹን ዳበሱ፣ ቀበቷቸውን አሰሩ፤ መኪናዋም ውሃ ላይ እንዳለች ተንሳፈፈች። ዳገት ላይ አስቁሞ ሲያስነሳቸው አንዲት ጣት ወደ ኋላ አላሉም። በሁለት የጭነት መኪኖች መሀል ያቁሙ ሲላቸው ባንድ ጊዜ አስገቧት። ፈታኙ መጻፉን ትቶ ዝም ብሎ ያያቸው ጀመር። ምራታቸውም ከኋላ ሆና በሆዷ ክፍያውን ወደ አምናው መልሳዋለች።

ወደ ዋናው መንገድ ሊወጡ ሲሉ እትዬ ፍሬን ቆሙ። ወደ ግራ አዩ፤ ወደ ቀኝ አዩ፤ እንደገና ወደ ግራ አዩና ለቀቁ።

«ፍሬን!» ብሎ ፈታኙ ጮኸ።

ጭንቅላታቸው ሳይሰማ እግራቸው ሰማ። መኪናዋ ተንጫጭታ ቆመች፤ ካርቶኖቹ ምራታቸው ጭን ላይ ተዘረገፉ። በግራ በኩል የመጣው ባለ ብስክሌት የሞተሩን ክዳን በመዳፉ መትቶ፣ አፉ ያመጣለትን ተሳድቦ አለፈ።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አሉ እትዬ ፍሬን።

«ከግራ» አለ ፈታኙ ቀስ ብሎ።

«ግራን አይቻለሁ እኮ።»

«ዞረው ማየትዎን እኔም አይቻለሁ።»

ከኋላ ክላክስ ተነፋ። እሳቸው ግን አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ ለቀቁት፤ ደግሞ ሌላውን ሸፈኑ። ከዚያ ፍሬቻ አሳይተው መኪናዋን ወደ ዳር አወጧት፤ ማርሹን ነጻ አደረጉ፤ የእጅ ፍሬን ሳቡ፤ ሞተሩን አጠፉ። ቁልፉን ነቅለው ወደ ኋላ አቀበሉ።

«አንቺ ንጂ።»

«እማማ፣ አንድ ጊዜ እኮ ማንም ላይ...»

«አንቺ ንጂ አልኩሽ።» ወደ ፈታኙ ዞሩ። «እውነቱን ንገረኝ፤ ታሳልፈኛለህ?»

ሰውዬው ወረቀቱን አየ፤ መንገዱን አየ። «አላሳልፍዎትም።»

«እሰይ። አስተምሬሃለሁ ማለት ነው።»

ወርደው በመኪናዋ ዙሪያ ሲያልፉ በአንድ እጃቸው ጣሪያዋን ተደግፈው ነበር። 

የዓይን ሐኪሟ ብዙ መሣሪያ ላይ አስጎንብሳ ካየቻቸው በኋላ ግላኮማ ነው አለች። ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ የግራውን ዓይን ዳር ዳሩን፣ ሳያም፣ ሳይታወቅ በልቶታል። የሄደው አይመለስም። የቀረውን ግን ጠብታው ያቆየዋል። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ቀኝ ዓይናቸውም ይከተል ነበር።

«ኢንሹራንሱ ባይጨምር ኖሮ እኮ...» ብሎ ጀመረ ልጃቸው ከክሊኒኩ ሲወጡ።

«ዝም በል አንተ። ጭራሽ ሄጄ ላመስግናቸው?»

ስማቸው ወጣ። ክፍያው ወረደ፤ ግን አምና ወደነበረበት አልተመለሰም። ባለ ጉንፋኑ ሠራተኛ «ዘንድሮ ያልጨመረበት ሰው የለም እህቴ» ብሎ ሸኛት። ኬክ ጋጋሪዋም የማድረሻ ዋጋዋ ላይ ትንሽ ጨመር አደረገች። ደንበኞቿ አጉረመረሙ እንጂ የቀረባት የለም።

የከበደው ሌላው ነገር ነው። እትዬ ፍሬን ጠብታቸውን በሰዓቱ ያደርጋሉ፤ ይበላሉ፤ ይተኛሉ። ወሬ ግን የለም። ከቤት አይወጡም። ምራታቸው ስትለምን ስትለምን አንድ ቀን ኬክ ልታደርስ ስትል ጋቢና አስገባቻቸው። ባትለምን ይሻላት ነበር። ቀኝ እግራቸው የሌለ ፍሬን እየረገጠ፣ «ርቀትሽን ጠብቂ፣ ዜብራ ነው፣ ምን ያስቸኩልሻል፣ ፍሬሲዮኑን አታስለቅሺው» ሲሉ ሲሉ፣ ምራታቸው ግራ ተጋብታ አንድ ጉብታ ላይ በፍጥነት ወጣችና ኬኩ ተንሸራቶ የካርቶኑን ግድግዳ ሳመ። ዳር ይዛ ቆመች።

«እማማ፣ ወይ እርስዎ ይውረዱ፣ ወይ እኔ ልውረድ።»

ከአፏ እንደወጣ ደነገጠች። እሳቸው ግን ቀበቷቸውን ፈቱ።

«አንቺማ ሥራ አለብሽ። እኔ እወርዳለሁ።» ወረዱ፤ በሩንም ሳያላትሙ ዘጉ። ልትከተላቸው ብላ ዞር ስትል አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ከቆመው ሰው ጋር ተቀላቅለዋል።

ኬኩን አድርሳ፣ የተላጠውን በአበባ ሸፍና፣ ቤት ስትገባ አልመጡም። ስልካቸው አልጋቸው ላይ ነው። ፀሐይ ዘቅዘቅ አለች። ባሏ ከሥራ ገብቶ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ፤ «አስወረድሻት?» አለ።  ቁልፉን አንስቶ ሊወጣ ሲል በሩ ተከፈተ። እትዬ ፍሬን ናቸው፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል፤ ፊታቸው ላይ ደግሞ ከሰነበተው ኩርፊያ ምንም የለም።

«የት ነበርሽ እማዬ?»

«አውቶቡስ ላይ። መጨረሻው ድረስ ሄጄ በዚያው ተመለስኩ፤ ደግሞ ሄድኩ። ሾፌሩ ደህና ነው፤ ማርሽ ሲቀይር ብቻ ይቸኩላል፤ ነግሬዋለሁ።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ከሆስፒታሉ አጥር ወዲያ ኩሬ እንዳለ ታውቁ ነበር? ዳክዬ አለበት፤ ጫጩቶቿን አስከትላ ስትዋኝ።»

ባልና ሚስት ተያዩ።

«እኔ አላየሁም» አለች ምራታቸው።

«አንቺ እንዴት ታዪዋለሽ? መንገድሽን ነው የምታዪው፤ እሱ ደግ ነው። እኔስ ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ተመላለስኩ አይደል? አውቶቡሱ ከፍ ስለሚል አጥሩን አሳልፎ ያሳያል።» ጫማቸውን አወለቁና እግራቸውን አሹ። «ነገ የምታደርሺው ኬክ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው በጠዋት በአውቶቡሱ እንሂድ። አሁን የሚበላ ነገር ስጪኝ፤ ጠኔ ሊደፋኝ ነው።»