የበሬው ምስክርነት

ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ውስጥ ሠላሳ አራት ሰው ተቀምጦ ነበር። ኢንስፔክተር እንዳሻው ከተቀበረ አንድ ቀን ሆኖታል። ባለቤቱ ዘርፈሽዋል ከሴቶቹ መካከል ፍራሽ ላይ ናት፤ ወንዶቹ በሁለት ቦታ ካርታ ይጫወታሉ፤ ንፍሮው ይዞራል። ዘጠኝ ዓመት በሥሩ የሠራው ሳጅን ጎበዜ መግቢያው አጠገብ ቆሞ ለሚመጣው ሰው ቦታ ያሲዛል።

"የበሬውን ነገርኳችሁ?" አሉ የዕድሩ ዳኛ አቶ ዓባይ፣ ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው።

"ሦስት ጊዜ ነግረውናል፤ ይልቅ ካርታዎን ይጣሉ" አላቸው አጠገባቸው ያለው።

"አንተን አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ለመጡት ነው" ብለው ነገሯቸው። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀይ ሰንጋ ተጣልተው ጣቢያ ይመጣሉ። ታደሰ የሚባለው የከብት ነጋዴ የተሰረቀብኝ ነው ይላል፤ ገበሬው ሱሌይማን ደግሞ ያደለብኩት እኔ ነኝ ይላል። የሚመሰክር ጎረቤት አልተገኘም። "እኛ አገር ሰንጋ በእጅ እየጎረሰ ነው የሚሰባው። እንዳሻው ምን አደረገ? በሬውን ሳያበላ አሳደረና ጠዋት ለሁለቱም እኩል አገዳ ሰጣቸው። በሬው ከሱሌይማን ፊቱን አዞረ፤ ከታደሰ እጅ ጎረሰ። ኧረ በሬው ራሱ መሰከረ!"

እንግዶቹ ለሐዘን ቤት በሚሆን ድምፅ ሳቁ። ጎበዜ አልሳቀም።

ያን ዕለት ጠዋት ታደሰ ቧንቧው ጋ እጁን አርጥቦ፣ ከኪሱ ጨው አውጥቶ መዳፉን ሲያሽ አይቶታል። ኢንስፔክተሩ የምርመራ መዝገብ ከመፈረሙ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ያን ዕለትም እስክሪብቶውን እንደያዘ ጠየቀ።

"ጎበዜ፣ እኔ ያላየሁት፣ አንተ ያየኸው አለ?"

"የለም፣ ጌታዬ።"

ያን ጊዜ ውሸት አልመሰለውም። ከብት ነጋዴ ሁሉ ለከብት ማባበያ ጨው ይይዛል። ግቢው በሰው ሞልቶ እየተጨበጨበ ነበር፤ ሱሌይማንም "በሬውን ያጎረስከው አንተ ነህ?" ተብሎ ሲጠየቅ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት "በዚህ እጄ ነው" ብሏል። ታሰረ። በሬው ለታደሰ ተሰጠ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ሴቶች ስኳር ይዘው ገቡ። አንዷ የሱሌይማን ሚስት ሹክሪያ ናት። ከሂርና በኩል በሚኒባስ ነው የመጣችው። ዘርፈሽዋል እግር ሥር ተቀምጣ "አላህ ያጽናሽ፣ እህቴ" አለች፤ አለቀሰችም። ከዚያ ተነስታ ወደ ጎበዜ መጣች። ከድንኳኑ ጀርባ፣ የውኃው በርሜል ጋ ወጡ።

"ኦቦ ጎበዜ፣ ነገ ፍርድ ቤት ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ዳኛው የፖሊስ መዝገቡን ነው የሚያየው። እኔን አያምነኝም፣ ሚስት ነሽ ይለኛል። በሬው ሲደልብ ሱሌይማን ስምንት ወር ገለምሶ ከተማ ጫት ሲጭን ነው የቆየው። በሬውን በእጄ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ሰው ፊት ሚስቴ ናት ያበላችው ማለት አፈረ። አቦ፣ ለዚች እፍረት እስር ቤት ይገባል?" ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። "ኢንስፔክተሩ ቢሰማኝ ያስተካክለው ነበር። ሦስት ጊዜ ጣቢያ መጣሁ፣ አላገኘሁትም። ለሱሌይማን፣ ዕድላችን ነው፣ አልኩት።"

ጎበዜ የበርሜሉን ክዳን ያዘ። ሦስቱንም ጊዜ በሩ ላይ የነበረው እሱ ነው። ሦስቱንም ጊዜ "የሉም፣ ሌላ ቀን ነይ" ብሏታል። አለቃው የልብ ሕመም አለበት፤ በሬው ደግሞ አገር የሚያወራለት ሥራው ነው። ለራሱ እንዲህ ይል ነበር። ከዚህ ሥር ያለው እውነተኛ ምክንያት ግን ጨው ነው፤ እሷ ከገባች መዝገቡ ይከፈታል፣ ያ ጥያቄም እንደገና ይጠየቃል።

"ነበሩ" አላት።

"ማን?"

"ኢንስፔክተሩ። ሦስቱንም ጊዜ ውስጥ ነበሩ። ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ።"

ሹክሪያ አየችው። "እና አሁን እኔ እዚህ ምን ላድርግ?" አለች። "ሰው እየሰማ ልስደብህ?"

"ነገ ፍርድ ቤት እመጣለሁ።"

"ነገማ የሰውዬው ሠልስት ነው።"

"እመጣለሁ።"

ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ሄደች።

ድንኳኑ ውስጥ አቶ ዓባይ ለአዲስ መጪዎች እንደገና ጀምረዋል። ጎበዜ ከዘርፈሽዋል ፍራሽ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

"እትዬ፣ ነገ ለሠልስቱ ቤተ ክርስቲያን አልገኝም።"

"ምን ገጠመህ?"

ነገራት፤ ጨውንም፣ በሩንም። ስትሰማው ዓይኗ ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ላይ ነበር።

"የበሬውን?" አለች። "ልጆቼ ስለ አባታቸው የሚያወሩት እኮ እሱን ነው።"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ነገ፣ በሠልስቱ ቀን፣ ተሳስቶ ነበር ልትል።"

"አዎ።"

አንዲት ሴት መጥታ ጉንጯን ስማት እስክትቀመጥ ዘርፈሽዋል ጠበቀች።

"ሲፈርም ጠይቆህ ነበር? እንደ ልማዱ?"

"ጠይቀውኛል።"

"እንግዲያው እሱንም ጻፈው። ጠየቀኝ፣ ዋሸሁት፣ በል።" ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። "አሁን ከፊቴ ተነስ፣ ጎበዜ።"

ጣቢያው ድንኳኑ ካለበት ከጭሮ በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረሰ። መዝገቡ የሚገኘው ኢንስፔክተሩ ቢሮ ውስጥ ባለው መሳቢያ ነው። ቁልፉን አውጥቶ በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኳ፤ ኮፍያውን አውልቆ ብብቱ ሥር አደረገና ጠበቀ። ከዚያ ከፈተና ገባ። ቃሉን በአንድ ገጽ ተኩል ጻፈ።

ሱሌይማን አርብ፣ ጎበዜ ችሎት ከመሰከረ በኋላ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ተፈታ። የታሰረው መቶ አሥራ ስድስት ቀን ነው። ሹክሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቢያ መጥታ ከበሩ የተመለሰችው በሃያ ሁለተኛው ቀን ነበር።