አላስፈላጊ የተባለው ቱቦ

ማንም አልጠየቀኝም። ነገሩን ከዚህ ብጀምረው ይሻላል። ቤቱን የሠራሁት እኔ፣ በስልክ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሽቦ ስጎትት የኖርኩት እኔ፣ ኢንተርኔት አልደርስ ባለበት ክፍል የምትሠራውም የእኔው ልጅ ሆና ሳለ፣ ተጠርቶ የመጣው የሚስቴ ወንድም ነው። ኢንጂነሩ።

እኛ ቤት «ኢንጂነሩ» ከተባለ እሱ ነው፤ ሌላ መሐንዲስ የተፈጠረ አይመስላቸውም። ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል። መሥሪያ ቤት አለቃዬ ስለነበር ግን እሱ «አንተ» ሲለኝ እኔ «እርስዎ» ስለው ኖርኩ። እህቱን ካገባሁ በኋላም አልተለወጠም፤ ሁለታችንም ጡረታ ወጥተን እንኳ ምላሴ እምቢ አለኝ። በሌለበት «እሱ» እለዋለሁ፤ የቀረችኝ ነፃነት ይቺው ናት። እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። እሱ ዲግሪውን በመስታወት አስገብቶ ሳሎኑ ውስጥ ልክ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅሎታል፤ ዜና የሚያይ እንግዳ ሳያነበው እንዳያልፍ።

የእኔና የእሱ ነገር የቆየ ነው። የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት ይህን ቤት ሳሠራ፣ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት፣ ከሳሎኑ ተነስቶ በኮሪደሩ አናት አልፎ እስከ መጨረሻው ክፍል የሚደርስ የፕላስቲክ ቱቦ ቀበርኩ። የመብራቱ ሌላ ነው፤ ይሄኛው ባዶ ነበር። አንድ ቀን የሆነ ሽቦ ማለፉ አይቀርም ብዬ ነው። ምን ሽቦ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ውስጡ የናይለን ሲባጎ አስገብቼ ተውኩ። ሽቦ ሲጎትት የኖረ ሰው ቱቦ ያለ ሲባጎ አይቀብርም፤ ጊዜው ሲደርስ አዲሱን ሽቦ በሲባጎው ጫፍ አስሮ በወዲያኛው በኩል መሳብ ብቻ ነው።

ፕላኑን የሣለልኝ ኢንጂነሩ ነበርና ሥራውን ሊያይ መጣ። ጫማውን ከጭቃው እየጠበቀ ዞር ዞር አለና ቱቦው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ለወደፊት ነው» አልኩት።

«ለወደፊት ምን? ለአይጥ መንገድ እየሠራህ ነው?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። አሸዋ የሚነፋው እንኳ ወንፊቱን አስቀምጦ ሳቀ። ኢንጂነሩ ፕላኑን ከኪሱ አወጣ፤ ቱቦውን በሜትር እየለካ በእርሳስ ጨመረበት፤ ጎኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ነገር ጻፈና አጥፎ መልሶ ከተተው። ምን እንደጻፈ አላሳየኝም።

በማግስቱ የቱቦውን የሳሎን አፍ ብፌ በሚቆምበት ቦታ ከጀርባ ክፍት ተውኩት። የክፍሉን አፍ ግን በገዛ እጄ ለሰንኩበት። ከነሳቃችሁ ግድግዳ ውስጥ ቅሩ ብዬ ነው። ደግሞም አሳምሬ ለሰንኩት። ስናደድ እጄ ይሰላል።

እንግዲህ ልጄ። የመጨረሻዋ ናት። ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ጫማዋ አልቆ በመጨረሻ አንድ አገኘች፤ ባሕር ማዶ ያለ የሆቴል ድርጅት እንግዶቹ ሲደውሉ እሷ እዚህ ሆና በኮምፒውተር ትመልስላቸዋለች። የአንድ ወር ሙከራ ሰጧት። በር ተዘግቶ ጸጥ ባለ ክፍል መሥራት አለባት፤ መስመሩ በወሩ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተቆረጠ ደግሞ በቃ፣ ደህና ሁኚ ነው።

ጸጥ ያለው ክፍል የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው። ሳሎኑ የሚስቴ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ መኪናዋም ደንበኞቿም እዚያ ናቸው። ኢንተርኔቱን የሚያድለው ራውተርም እዚያው ሳሎን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ድንጋይ ነው፣ ከክንዴ ይወፍራል። ድንጋዩ የኢንጂነሩ ሐሳብ ነበር፤ «ቤት ማለት እንዲህ ነው» ብሎ። ራውተሩ ይዛወርልን ብለን አመለከትን። ተራችሁ ሲደርስ ይደወልላችኋል አሉን፤ በየትኛው መስመር እንደሚደውሉ አልነገሩንም።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ እንግዳ ቁልፉን ክፍሉ ውስጥ ረስቶ ውጭ ቆሞ ደወለ። ልጄ በዚያች ለስላሳ ድምጿ «አይጨነቁ፣ እኔ አለሁ» አለችው፤ መስመሩ ተቆረጠ። አንድ።

ያን ቀን ነው ሚስቴ ወንድሟን የጠራችው። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ወንበሬ ብፌው አጠገብ ነው። ስልኩን በራሴ ላይ አሳልፋ አነሳችው።

ኢንጂነሩ መጀመሪያ ሦስት አንቴና ያለው ማጉያ አመጣና ኮሪደሩ ላይ ሰካው። የልጅቱ ስልክ ላይ ምልክቱ ሙሉ ሆነ፤ ኢንተርኔቱ ግን የለም። «ምልክቱ እኮ ሙሉ ነው» እያለ ለእያንዳንዳችን አሳየን።

ቀጥሎ ኢንተርኔቱን በመብራት ሽቦ የሚያሳልፉ ሁለት መሰኪያዎች መጡ፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ ክፍሉ ውስጥ። እውነት ለመናገር ግማሽ ቀን ሠሩ። ከሰዓት በኋላ ልጄ ለአንድ ሰው ቁርስ በስንት ሰዓት እንደሚቀርብ ስታስረዳ፣ ሚስቴ የሱሪ እግር ልታጥፍ በመብራት የሚሠራውን የስፌት መኪናዋን ረገጠች፤ መስመሩ ተቆረጠ። ሁለት።

ኢንጂነሩ ለዚህም መላ አላጣም። የጊዜ ሠሌዳ አወጣ፤ ስፌት ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት፣ ካውያ በእሑድ ብቻ። ፈረመበትና ፍሪጁ በር ላይ ለጠፈው። ፍሪጁ ማንበብ ስለማይችል ደስ ባለው ሰዓት ይነሳል፤ በተነሳ ቁጥር ልጄ ትንፋሿን ትይዛለች።

«የሰው ልብስ ተቆልሎብኝ በፊርማ ልስፋ እንዴ?» አለች ሚስቴ።

«ለልጅሽ ብለሽ ነው» አላት።

«ለልጄማ ብዬ ነው አንተን የጠራሁት።»

ቅዳሜ ረጅም ኬብል ገዝቶ በኮሪደሩ ወለል ላይ ዘረጋ። በሩ ካልተዘጋ ሥራ የለም፤ ሲዘጋ ኬብሉን ይነክሰዋል። የበሩን ጥግ በመጋዝ ልቁረጠው ብሎ መጋዝ ሲጠይቅ፣ ሚስቴ የውሃ ሳፋ ይዛ በኮሪደሩ መጣች። እግሯ ኬብሉን ያዘው፤ ኬብሉ ራውተሩን ከመደርደሪያው አወረደው፤ ውሃው ኢንጂነሩን አገኘው። የእረፍት ቀን ስለነበር አልተቆጠረም። እኔ አልሳቅኩም። ፊቴን ወደ ብፌው አዞርኩ እንጂ።

እሱ ልብሱን ሊቀይር ከሄደ በኋላ ልጄ መጥታ እግሬ አጠገብ ከምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ።»

«እ።»

«ያኮረፍከው እኔን ነው?»

«ማን አኮረፈ?»

«ይሄን ሁሉ ቀን አጎቴ ሲገባ ሲወጣ አንዲት ቃል አልተነፈስክም። ዕድሜህን ሙሉ ሽቦ ስትሠራ ኖረህ።»

«ማን ጠየቀኝ?»

«ይኸው እኔ ጠየቅኩህ። ወሩ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ሰኞ አንዴ ከተቆረጠ አለቀልኝ።»

ይህን ጥያቄ ሃያ ሦስት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ሰው በተሰበሰበበት፣ ኢንጂነሩ አንገቱን ደፍቶ ሲጠይቀኝ ነበር የሚታየኝ። ልጄ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ስትጠይቀኝ ግን ምን ብዬ ልኩራ። ነገርኳት፤ ቱቦው፣ ሲባጎው፣ ሁሉንም።

«ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሁለቱን ጊዜ ሲቆረጥብኝም?»

ተነስቼ ብፌውን መግፋት ጀመርኩ።

የሳሎኑ አፍ እንደተውኩት ቁጭ ብሏል፤ አቧራ ለብሷል፣ ሲባጎውም አለ። ሳብ ሳደርገው መዳፍ ያህል መጣና ቀጥ አለ፤ በወዲያኛው በኩል ምስማር ላይ እንዳሰርኩት ነው። ጠንካራ ሽቦ ሰደድኩበት። መንገዱ ላይ አንድ ለስላሳ ነገር ያዘውና አልሄድ አለ። እንግዲህ በክፍሉ በኩል መክፈት ነው ብዬ መዶሻና መሮዬን ይዤ ገባሁ።

አፉ የለም። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ከዳር እስከ ዳር አንኳኳሁት፤ ድንጋይ ነውና ሁሉም ቦታ አንድ ድምፅ ነው የሚሰጠው። እዚህ ጋ ነው ብዬ በሳሁ፤ የለም። እዚያ በሳሁ። ሦስተኛውን ስበሳ ሚስቴ በር ላይ ቆማለች።

«ራስህ ለስነህ ራስህ ጠፋህበት?»

«ጥሩ ስለለሰንኩት ነው።»

«እሱንማ እያየሁት ነው» አለችና ቀዳዳዎቹን ቆጥራ ሄደች።

ቦታው በልክ የተጻፈበት ወረቀት በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ማን እጅ እንዳለም አውቃለሁ።

እሑድ ጠዋት ዲግሪው ሥር ተቀምጬ ሻይ ቀረበልኝ። ኢንጂነሩ እግሩን አጣምሮ ጠበቀ። እኔ ፈልጌ እሱ ቤት ሄጄ አላውቅም፤ ደስ ብሎታል።

«ያኔ የሣሉት የቤቱ ፕላን ይኖር ይሆን?» አልኩት።

«እኔ ወረቀት አልጥልም። ምኑን ፈልገህ ነው?»

«ቱቦ ነበረች።»

«ቱቦ።» አሰበ። ከዚያ ፊቱ ፈካ። «የአይጡ መንገድ?»

ከሻዩ ፉት አልኩ። «አዎ። የአይጡ መንገድ።»

ክላሰር አመጣ፤ መነጽሩን አደረገ፤ ገልጦ ገልጦ አወጣው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ቱቦው በእርሳስ አለ፤ ልኩም አለ፤ ከመስኮቱ ጠርዝ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ከወለሉ አርባ ሳንቲም። ጎኑ ላይ በቀይ «አላስፈላጊ» ይላል፤ ከነፊርማውና ከነቀኑ። ሁለታችንም አነበብነው። ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያኔ እኮ እኛ አገር በየቤቱ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ስለዚህ ያኔ ትክክል ነበርኩ።»

ሃያ ሦስት ዓመት ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ብዙ ጊዜ መላጨት ስጀምር ከመስታወቱ ጋር እለማመደው ነበር፤ መጨረሻው ላይ እሱ አንገቱን ይደፋል። ግን ቀኑ እሑድ ነው፣ ልጄ ሰኞ ሥራ ትገባለች፣ ወረቀቱ ደግሞ ገና በእሱ እጅ ነው።

«ትክክል ነበሩ» አልኩት።

ወረቀቱን ግን አልሰጠኝም፤ ይዞት መጣ። ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ሦስቱን ቀዳዳዎቼን አየ፤ ምንም አልተናገረም፤ ቢናገር ይሻለኝ ነበር። በሜትር ለካና በእርሳስ የመስቀል ምልክት አደረገ። ከሦስተኛው ቀዳዳዬ በአራት ጣት ነው የሚርቀው። እኔ መታሁ፤ ልስኑ ወደቀ፤ የቱቦው አፍ ብቅ አለ። ሲባጎው ምስማሩ ላይ ነበር፤ ቋጠሮዬን ከሩቅ አወቅኩት።

እሱ ሳሎን ሄዶ ኬብሉን ከሲባጎው ጋር አሰረ፤ እየገፋ ሊሰድ። እኔ ክፍሉ ውስጥ ልስብ። ልጄ ኮሪደሩ መካከል ቆማ ወሬ ታቀብለናለች።

«አስሬያለሁ ይላል አባዬ። ይሳብ ይላል።»

ሳብኩ። ሲባጎው ቀስ እያለ መጣ፤ ከዚያ ከበደኝ።

«ቆሟል በይው።»

«ምን ያዘው? ይላል።»

«በደንብ ይግፋ በይው።»

«እየገፋሁ ነው ይላል። አንተ በደንብ ሳብ ይላል።»

እግሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተወጠርኩ። የሆነ ነገር ለቀቀ፤ በቱቦው ውስጥ ሽው ሲል ይሰማኛል፤ ወደ እኔ እየመጣ ነው። ሲባጎውን በሁለት እጄ እየሰበሰብኩ ሳለ ከኬብሉ ቀድሞ፣ ጡጫ የሚያህል ነገር ከአፉ ወጥቶ እግሬ ሥር ወደቀ።

የአይጥ ጎጆ ነው። የታኘከ ወረቀት፣ ከመካከሉ የሚስቴ የስፌት ቁርጥራጭ፣ ቀዩም ሰማያዊውም፣ የስንት ደንበኛ ቀሚስ፤ ክብ ተደርጎ፣ ንጹሕ ሆኖ የተሠራ። ባለቤቶቹ ከሄዱ ቆይተዋል። በክፍቱ አፍ፣ በብፌው ጀርባ፣ ከወንበሬ ክንድ በማይሞላ ርቀት ሲገቡ ሲወጡ ኖረዋል ማለት ነው።

ከኋላው የኬብሉ ራስ ብቅ አለ።

«ደረሰ!» አለች ልጄ በሩ ላይ ሆና፤ ሮጣ ወደ ሳሎን ተመለሰች። የኢንጂነሩ ጫማ በኮሪደሩ ሲመጣ ሰማሁ። ጎንበስ አልኩና ጎጆውን አንስቼ ኮት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

«ምን ነበር የያዘው?» አለኝ ገብቶ።

«የልስን ፍርፋሪ ነው።»

ኬብሉን አየ፤ ቱቦውን አየ፤ እጁ ያለውን ወረቀት አጠፈ። «ጥሩ ነው» አለ። ጥሩ የሆነው ቱቦው ይሁን ፕላኑ አልነገረኝም።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልጄ በሯን ዘጋች። ሚስቴ የጊዜ ሠሌዳውን ከፍሪጁ ላይ አንስታ መኪናዋን ረገጠች፤ ፍሪጁም ተነሳ። እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ኢንጂነሩ ያለ ጥሪ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ሱሪ ልታስለካ ለመጣች ደንበኛ፣ «ዋናው ፕላን ነው፤ ወረቀት ያለው ሰው አይቸገርም» ይላታል። እሷም ራሷን ትነቀንቅለታለች።

ከበሩ ወዲያ የልጄ ድምፅ ተሰማ። የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ተቸግሯል።

«አይጨነቁ፣ እኔ አለሁ።»

ሚስቴ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች። ልጄ ትንሽ ቆይታ ሳቅ ብላ ቀጠለች፤ የክፍላቸውን ቁጥር ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት መሰለኝ፣ ደግማ አረጋገጠች። ሚስቴ መኪናዋን መልሳ ረገጠች።

«አየህ?» አለኝ ኢንጂነሩ።

«አየሁ» አልኩት።

እጄ ኮት ኪሴ ውስጥ ነበር። ምን እንደያዝኩ ማንም አልጠየቀኝም።