ውሃው በየት ይውጣ

መንገድ የሚደለድለው ግሬደር ድንገት ጸጥ ሲል እናት የእጇን የሳሙና አረፋ እንኳ ሳትለቃለቅ ሮጠች። ሞተሩ ከጠፋ ሰው ተድጧል ማለት ነው፤ ሰው ከተዳጠ ደግሞ ሌላ ማን ሊሆን፣ ልጇ ናት። ልጅቷ የወረዳው ምክር ቤት የመንገድ ፎርማን ሆና ከተቀጠረች ወዲህ እናት በሐሳቧ ስንት ጊዜ እንደቀበረቻት እሷ ናት የምታውቀው።

ልጅቷ ግን በሕይወት አለች። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ መንገዱ ዝቅ ከሚልበት ቦታ ተንበርክካ፣ በተወጠረ ክር ላይ የመሬቱን ዝንባሌ የሚያሳይ ውሃ ልክ አንጠልጥላ አንድ ዓይኗን ጨፍናለች። ሃያ የሚሆን ሰው ከቧታል።

"ምን ሆነ? ማን ሞተ?" አለች እናት እያለከለከች።

"ማንም አልሞተም፣ እማዬ። ለውሃው መውጫ እየፈለግንለት ነው።"

"ውሃውማ መምጣቱ አይቀርም" አለ ባለወፍጮው። "ጥያቄው ማን ቤት እንግዳ እንደሚሆን ነው።"

ሰዉ ሳቀ። እውነትም ጥያቄው እሱ ነበር። በየክረምቱ ጎርፉ እዚህ ቦታ ላይ መንገዱን ይቆርጠዋል። ምክር ቤቱ ያለው አንድ ግሬደር ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ መንደር በዓመት ሁለት ቀን ይደርሰዋል፤ የዚህ መንደር ተራ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ያበቃል። አምና የተደለደለው ጠጠር በሦስተኛው ዝናብ ታጥቦ ሄደና፣ ምጥ የያዛትን የመምህሩን ሚስት ደረት በሚደርስ ውሃ በቃሬዛ አሻገሯት። ቦይ የግድ ነው። ቦዩ ግን በሰው መሬት ያልፋል፤ ባለመሬቱ ካልፈረመ ምክር ቤቱ አይቆፍርም። የቀድሞው ፎርማን ማንንም ላለማስቀየም ሲል ወደ ዳገቱ ቆፍሮ ነበር። ውሃ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም።

ልጅቷ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። "የሚወርደው ወደ ግራ ነው። በሽንኩርቱ መሬት በኩል።"

ሰዉ ሁሉ ወደ እናት ዞረ። ሽንኩርቱ የእሷ ነው።

"እንዴ!" አለ ባለወፍጮው። "እኔ እኮ በእኔ ግቢ ታሳልፈዋለች ብዬ ጠበቃ ሳማርጥ ነው ያደርኩት። ይቺ ልጅ ለእናቷም አታዳላ!"

ልጅቷ ቅጹን ከቦርሳዋ አውጥታ በሁለት እጇ ዘረጋች። "ባለይዞታዋ እርስዎ ነዎት። ካልፈቀዱ ግሬደሩ ይሄዳል።"

"ደግሞ እርስዎ አለችኝ! ምነው፣ አማትሽ ሆንኩ?"

በሳቁ መሃል እናት ነገሩን እስከ መጨረሻው አስባው ነበር። ጎርፉ ሽንኩርቱን ይጠርጋል፣ ከዚያ ግድግዳውን ይሸረሽራል፣ ከዚያ ቤቱ ይወድቃል፤ የሚወድቀውም እሷ ውስጡ እያለች ነው።

"ግድግዳዬስ?"

"አስራ ሁለት እርምጃ ይርቃል። በቤቱ በኩል ድንጋይ እንደረድራለን።"

"ድንጋዩ ቢናድስ?"

"ከክረምት በፊትም በኋላም መጥቼ አየዋለሁ። መዝገቡ ላይ አስፍሬዋለሁ።"

"አንቺ ብትዛወሪስ?"

"የሚተካኝ ያየዋል። የጻፍኩት ለዚያ ነው።"

እናት ልጇን አየቻት፦ ጭቃ የጠገበ ቦት ጫማ፣ ጆሮዋ ላይ የሰካችው እርሳስ። የእናቷን ሽንኩርት ለማዳን ክሩን በጣት ያህል ዘንበል ብታደርገው ኖሮ ማንም አይነቃባትም ነበር። ይህችን ያሳደግሁት እኔ ነኝ ብሎ መጮህ አማራት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ፈረመች።

ልጅቷ የቦዩን ግራና ቀኝ ዳር የሚያሳዩ ካስማዎች ተከለች። እናት በመካከላቸው ያለውን ስፋት በእርምጃ ለካች፤ አላመነችውምና ደግማ ለካች።

"ይሄ ይበቃል ያለሽ ማነው?"

"የምክር ቤቱ ልክ ነው፣ እማዬ። ለተለመደው ዝናብ ይበቃል።"

"እኔ የተለመደውን ዝናብ መቼ ፈርቼው አውቃለሁ?"

ባለወፍጮው ሊስቅ የከፈተውን አፉን መልሶ ዘጋው። የሁሉም ዓይን ካስማዎቹ ላይ ነበር።

"ከሰፋ ግን ሁለት መደብ ሽንኩርት ይሄዳል" አለች ልጅቷ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እናት ጎንበስ ብላ የዳሩን ካስማ ነቀለች፣ ሁለቱን መደቦች ተሻግራ ተከለችው፣ እንዳይነቃነቅም በድንጋይ ደጋግማ መታችው።