የዳኛው ሐሙስ

ፀጉር አስተካካዩ ልጁን ንግድ እንድትማር ሲልካት፣ ተመልሳ የደንበኞቹን ዕድሜ ትተምንልኛለች ብሎ አልጠረጠረም። እሷ ግን ፀጉር ቤቱ እንዳይዘጋ ቆርጣ ተነስታለች። አዲስ ደንበኛ ለመሳብ የማስታወቂያ ወረቀት ይበተናል፣ መጀመሪያ ቀን በነፃ ይቆረጥለታል፤ ሰውየው ሦስት ጊዜ ከፍሎ እስኪቆረጥ ድረስ ወጪውን አይመልስም። አብዛኞቹ ደግሞ በነፃው አምረው የውሃ ሽታ ይሆናሉ።

“ስለዚህ የሚቆዩትን አጥብቀን እንያዝ” አለችው። “እያንዳንዱ ስንት ዓመት እንደሚቆይልን ገምቻለሁ፣ አባዬ።”

አባቷ መነጽሩን አድርጎ ዝርዝሩን አየ። ከዳኛው ስም አጠገብ በቀይ “ሁለት” ይላል። ጡረተኛው ዳኛ አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ፣ አባቷ በየሐሙሱ ጠዋት ፀጉር ቤቱን ዘግቶ እቤታቸው ድረስ ሄዶ ይላጫቸዋል።

“ለአንድ ሰው ፂም ግማሽ ቀን!” አለች ልጅቷ። “ አዲስ ሰው መጥቶ ዝግ በር ያገኛል። ሐሙስ ይቅር።”

“ይቅር። አንቺው ንገሪያቸው።”

ሐሙስ አብራው ሄደች። ዳኛው ትራስ ተደግፈው፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ አድርገው ጠበቋት።

“አባትሽ ሆድ ውስጥ ወሬ አያድርም፤ በስልክ ነግሮኛል። ስንት ዓመት ፈረድሽብኝ?”

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። “ሁለት።”

ዳኛው ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። “ሰማህ አንተ? ሐኪሙ ሦስት ወር ነው ያለኝ። ልጅህ ቸር ናት፤ ይግባኝ አልልም!”

የሳሙናው አረፋ ከሞላ ቆይቷል፤ አባቷ ግን አቀርቅሮ መምታቱን አላቆመም።

“ከሚቀጥለው ሐሙስ ጀምሮ...” አለች ልጅቷ። “አባዬ ፀጉር ቤት ይውላል። እኔ እመጣለሁ።”

“መላጨት ትችያለሽ?” አሉ ዳኛው።

“አልችልም።”

“በእኔ ጉንጭ ልትማሪ?”

“ካልፈሩ።”

“ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? የሦስት ወር ሰው ለሳምንት ይቀጠራል እንዴ? አሁኑኑ ጀምሪ!”

አባቷ ምላጩን ሰጣት። “ቆዳውን በግራ እጅሽ ወጠር አድርጊ” አላት በሹክሹክታ፣ ሰው እንደተኛበት ቤት።

መዳፏን የሸመገለው ጉንጭ ላይ አሳረፈች።

“እጅሽ ይሞቃል” አሉ ዳኛው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው።