የማርሊስ ዓምድ

ሃርድ ዲስኩ ለሦስተኛ ጊዜ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ብሎ ዝም ሲል ሎወል ቶፍቴ ገመዱን ነቀለው። ጥቂት ጠበቀና መልሶ ሰካው።

"እባክህ፣" አለው፤ ከዕቃ ጋር ማውራት ልማዱ አልነበረም። "አንዴ ብቻ። ሌላ አልጠይቅህም።"

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አልመጣም። ሎወል ፊቱ አመድ መሰለ። አሁንም ነቅሎ ሰካው፣ አሁንም ነቀለው። ቅዳሜ ነው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ከጫካው በኩል የአጋዘን አዳኞች ተኩስ ይሰማል። በሰሜን ሚኒሶታ በኅዳር ወር ቤቱ የሚቀመጥ ወንድ ወይ ታሟል ወይ ሎወል ነው።

ዲስኩ ውስጥ ያለችው ማርሊስ ናት። ሚስቱ በመጨረሻው ክረምቷ፣ ራሷ ላይ ሻሽ ጠምጥማ እዚሁ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ ገና ላልተፀነሰ የልጅ ልጅ አሥራ አንድ ተረት አውርታ ነበር። ሎወል ቀረጸ። በየመሃሉ ትስቃለች፣ ታስላለች፣ "ይቺን ቁረጣት" ትለዋለች፤ እሱ ግን አንዲትም አልቆረጠም። አሁን ልጃቸው ብሪታ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ሐኪሙ የሰጣት ቀን ሊደርስ አሥር ቀን ነው የቀረው። ሎወልም ዲስኩን ዛሬ የሰካው ተረቶቹ በደህና መኖራቸውን ለማየት ብቻ ነበር።

ታዲያ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቅጂ እንዴት አላስቀረም የሚል ካለ፣ ያ ሰው ሎወልን አያውቀውም። ሎወል ሰርቨር ሊገዛ ነበር። ቤት ውስጥ ተቀምጦ የቤተሰቡን ፎቶና ድምፅ ሁሉ የሚይዝ፣ አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው የሚተካበት፣ ደህና ሰርቨር። አሥራ አራት ወር ሲያወዳድር ኖረ። ባለ ሁለት ዲስኩ ይሻላል ወይስ ባለ አራቱ? የትኛው ድምፁ ዝግ ያለ ነው? የትኛው መብራት አይበላም? ሰንጠረዥ ሠርቶ ሃያ ሦስት ዓምድ አወጣለት። በኢንተርኔት መድረክ ላይ የሚያገኛቸው ሰዎች፣ የሱ ቢጤዎች፣ አንዱ "ግዛው" ሲለው ሌላው "በሦስት ዓመት ይቆጭሃል" ይለዋል። ልገዛ ነው ሲል ደግሞ በጸደይ አዲስ ሞዴል ይወጣል ይባላል። እስከዚያው በርካሽ ነገር ላይ መገልበጡን እንደ ንቀት ቆጠረው። የማርሊስን ድምፅ እንደ አሮጌ ደረሰኝ የትም መወርወር አልሆነለትም። ሩቅ አገር ባለ የኩባንያ ኮምፒውተር ላይ መጫኑንማ ጭራሽ አልፈለገም፤ ሚስቴን ለማላውቀው ሰው አደራ አልሰጥም ነበር የሚለው።

"አንዴ በደንብ ይሠራል፣" ይላል ብሪታ በጠየቀችው ቁጥር። አምስት ጊዜ ጠይቃዋለች።

ዲስኩን በፎጣ ጠቅልሎ ወጣ። ጫማው በግራጫ ፕላስተር የተጠቀለለ ነው፤ ስምንት ዓይነት የክረምት ጫማ ማወዳደር ከጀመረ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ፒካፑ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። ማሞቂያው የሾፌሩን እግር ብቻ ያሞቃል፤ የተሳፋሪው ወንበር ደግሞ ሽቦው ወጥቶ ወገብ ይወጋል። ማርሊስ ታላቁን ሐይቅ ዙሪያውን በመኪና መዞር ትመኝ ነበር። ወንበሩ ስለሚያማት ሎወል አዲስ ፒካፕ ሊገዛላት ሦስት ሞዴል መርጦ ማወዳደር ጀመረ። ሦስት ዓመት አወዳደረ። በሦስተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጦ ሕመሟን ነገራቸው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሐይቁ ያነሳ የለም።

ቨርና ኩዛክ ከተማው ዳር ባለችው ሱቋ የልብስ ስፌት መኪናና የኤሌክትሪክ ምንጣፍ መጥረጊያ ትጠግናለች፤ ጓዳው ውስጥ ደግሞ ኮምፒውተር። ዲስኩን ከፎጣው አውጥታ ከራሷ መሣሪያ ጋር አገናኘችውና ጆሮዋን አስጠጋች። ጠቅታው አሁን ሌላ ድምፅ ተጨምሮበታል፤ ድስት በቢላ ሲፋቅ የሚሰማ ዓይነት። ወዲያው ነቀለችው።

"ስንቴ አስነሳኸው?"

"ሁለት... ሦስት ጊዜ።"

"ሎወል።"

"ዘጠኝ ሳይሆን አይቀርም።"

ቨርና መነጽሯን አወለቀች። "ውስጡ ያለው መርፌ ወድቆ ሳህኑን እየፋቀው ነው። ባስነሳኸው ቁጥር የተጻፈውን ስትልገው ነበር ማለት ነው። ምንድን ነው ያለበት?"

"ማርሊስ ናት።"

ቨርና መነጽሯን መልሳ አደረገች። ማርሊስን ታውቃታለች፤ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አብረው ድስት ሲያጥቡ ነው የኖሩት።

"ቅጂውስ?"

"ሰርቨር ልገዛ ነበር።"

"አምናም በቤተ ክርስቲያኑ የመከር እራት ላይ እንደዚሁ ነው ያልከኝ እኮ! አምጣው፣ አንድ ስኒ ቡና ሳትጨርስ እገለብጥልሃለሁ አላልኩህም? 'የለም ቨርና፣ አንዴ በደንብ ይሠራል' ብለህ ኬክህን ይዘህ ሄድክ።"

"አዎ፣ ብያለሁ።"

"በቃ እንግዲህ።" ድምፅዋ ለዘብ አለ። "እንዲህ ያለውን ከፍተው የሚሞክሩ ላቦራቶሪዎች አሉ። ሁለት አውቃለሁ።"

ሎወል ከደረት ኪሱ ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ አወጣ። "የትኛው ይሻላል? በምንድን ነው የሚለያዩት?"

ቨርና ደብተሩን አየችው፣ ከዚያ እሱን አየችው። ሎወል ምን እያደረገ እንደሆነ ያኔ ገባው፤ እስክሪብቶው ግን ከእጁ አልወረደም።

"አስቀምጠው፣" አለችው። "ይሄን ድምፅ የሚያሰማ አራት ልኬያለሁ። አራቱም ባዶ ነው የተመለሱት። ልዋሽህ አልችልም። ልላከው ካልክ እልከዋለሁ፤ ለየትኛውም ይሁን፣ ለውጥ የለውም።"

"ላኪው።"

"ለየትኛው?"

ሎወል ፎጣውን አጣጠፈ። ዘረጋው፣ እንደገና አጣጠፈው። "ደውዬ እነግርሻለሁ፣" አለ። ቨርና ዲስኩን ካርቶን ውስጥ ከትታ ስሙን ጻፈችበት።

መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሳ ለብሪታ ደወለ። እስከ ቤት ቢነዳ ወኔው እንደሚከዳው ያውቃል።

"አባዬ! አጋዘን ጣልክ እንዴ?"

"አልወጣሁም። አንቺስ እንዴት ነሽ?"

"ምን እሆናለሁ፣ እንደ በርሜል ድቡልቡል ብያለሁ። ጫማዬን የሚያስርልኝ ባሌ ነው። ስትመጣ የእማዬን ተረቶች ይዘህ ና፣ እሺ? ሆስፒታል ውስጥ ለሕፃኑ ልከፍትለት ነው የማስበው። መጀመሪያ የሚሰማው የእሷን ድምፅ ይሁን።"

ሎወል በመስታወቱ መንገዱን አየ። ብርቱካንማ ልብስ የለበሱ አዳኞች አጋዘን ፒካፕ ላይ ጭነው እየሳቁ አለፉ።

"ብሪታ፣ ዲስኩ ሞቷል።"

"ምን ማለት ነው ሞቷል?"

"ተበላሽቷል። ቨርና አየችው። አይመለስም።"

"ሁሉም?"

"አሥራ አንዱም።"

"የድቧ ተረትም?"

"የድቧም፣ የኔ ልጅ።"

ሎወል ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትጮህበት በወደደ። በመጨረሻ የመጣው ድምፅ ግን የደከመ ነበር።

"የትኛውን ልትገዛ ነበር?"

"እ?"

"ሰርቨሩን። መጨረሻ ላይ የትኛውን መረጥክ?"

አፉን ከፈተ። አሥራ አራት ወር፣ ሃያ ሦስት ዓምድ። "ሁለት ቀርተውኝ ነበር፣" አለ፤ ይህን ሲል እፍረት እንደ ትኩሳት ፊቱን አጋለው።

"እማዬ ታውቅህ ነበር እኮ።"

"ምኔን?"

"የመኪናውን ሰንጠረዥ ክፈተው። ወደ ቀኝ ሂድ፣ እስከ ጥግ። አንተ ሥራ በሄድክበት ቀን ነው የጻፈችው፤ ስልክ ደውላ እየሳቀች አነበበችልኝ። 'እንዳትነግሪው፣ ሲገዛ ያገኘዋል' አለችኝ።" ብሪታ አፍንጫዋን ሳበች። "አሁን ማውራት አልችልም አባዬ። ይቅርታ።" ዘጋችው።

ቤት ገብቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። የፒካፖቹ ሰንጠረዥ ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሦስት ረድፍ፣ ሠላሳ አንድ ዓምድ፤ የነዳጅ ፍጆታ፣ የመጎተት አቅም፣ የዝገት መከላከያ፣ የጎማ ስፋት። የእሱ ዓምዶች ካለቁ በኋላ ባዶ ቦታ ነበር። ወደ ቀኝ ገፋ፣ ገፋ። ያን ያህል ርቆ ሄዶ አያውቅም፤ ምን ሊፈልግ ይሄዳል?

እዚያ ሠላሳ ሁለተኛ ዓምድ አለ። ርእሱ "ሎወል ይገዛዋል?" ይላል።

በአንደኛው ፒካፕ አንጻር፣ "አይገዛም።"

በሁለተኛው፣ "አይገዛም። ቀለሙን ግን ወድጄዋለሁ።"

በሦስተኛው፣ "አይገዛም። ወንበሩ ለወገቤ ይመቸኝ ነበር።"

ከሦስቱ ሥር አራተኛ ረድፍ ጨምራለች። የመኪናው ስም ባለበት ቦታ "አሮጌው" ብላ ጽፋለች፤ በሱ አንጻር ደግሞ፣ "በዚሁ እንሂድ። ትራስ እይዛለሁ።"

ቀኑን አየው። ግንቦት ነው፤ ሐኪሙ ከመናገሩ ሦስት ወር በፊት። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ሐይቁን ለመዞር አምስት ቀን ይበቃል። በእነዚያ ወራት ይህን ሰንጠረዥ በየማታው ይከፍተው ነበር፤ ስለ ዝገት መከላከያ ሲያነብ እሷ እዚያው ጥግ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀው ኖራለች። ሎወል ካፖርቱን እንደለበሰ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ የቀብሯ ዕለት እንኳን እንዲህ አላለቀሰም።

ቀና ሲል ከእሷ ቃል በዚህ ዓለም ላይ የቀረው ይኸው አራት መስመር መሆኑን አሰበ። ያለውም በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ሲንጫጫ ሰማ። ተነስቶ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

የነዳጅ ማደያው ሱቅ ውስጥ ከሒሳብ መክፈያው አጠገብ፣ ከእጅ ጓንትና ከባትሪ መሃል፣ ሁለት ዓይነት ፍላሽ ተሰቅሏል። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። ሎወል ሁለቱንም አወረደና ገልብጦ የጀርባቸውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ። የቀዩ ዋስትና ሁለት ዓመት ነው። ጥቁሩ ፍጥነቱ ተጽፎበታል፣ ቀዩ ግን የለውም። ለምን አልጻፉበትም? ከኋላው ቡና የያዙ ሁለት አዳኞች ተሰለፉ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወዳጄ፣ የትኛውን ነው?" አለችው ሒሳብ ተቀባይዋ፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት። "ሁለቱም ያው ናቸው እኮ።"

ሎወል ቀዩን ሊሰጣት እጁን ዘረጋ። አውራ ጣቱ ግን ጥቁሩን ገልብጦ ኖሮ ዓይኑ እንደገና ማንበብ ጀምሯል። እጁን የሌላ ሰው እጅ እንደሚመለከት አየው። ከዚያ ሁለቱንም ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወደ እሷ ገፋቸው።

"ምረጪልኝ፣" አላት።

"እኔ?"

"እኔ አልችልም።"

ሴትዮዋ ትከሻዋን ነቅንቃ ለእጇ የቀረበውን አነሳች። ሎወል ለምን እሱን እንዳነሳች አልጠየቃትም።