እጇ የመሰከረባት

ወንድሜ አዛርያ ዳኛ ሲሆን እልል ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ። ምን ዋጋ አለው! ዛሬ ገበያ ወጥቼ "የዳኛው እህት" ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

ያን ዓመት እዚህ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ አገሩ ሁሉ መተተኛ ፍለጋ አብዶ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ልጅ ሱዛና ትጮኻለች፣ ትንፈራገጣለች፤ "የታቢታ መንፈስ ቆነጠጠኝ" ትላለች። ታቢታ ዓሣ እያደረቀች ልጆቿን የምታሳድግ ባልቴት ነበረች። ምላሷ ስለት ነው፣ አልዋሽም፤ እጇ ግን ማንንም አልጎዳም። ችሎት አቁመው "ልጅቷን ንኪያት!" አሏት። ስትነካት ልጅቷ ጸጥ አለች። በቃ፣ የመተቱ መርዝ በእጇ በኩል ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፣ መተተኛዋ እሷ ናት ተባለ። ይህን የማስነካት ደንብ ደግሞ ከወንድሜ ይበልጥ የሚያምንበት ዳኛ አልነበረም። ታቢታን ሰቀሏት።

ሱዛና አሁንም መጮኋን አልተወችም። የታቢታን እህት ኬዚያን አሰሩ፤ እሷንም አስነኳት፤ ልጅቷ አሁንም ጸጥ አለች። ፍርዱ ለሰኞ ተቀጠረ።

ቅዳሜ ጠዋት የአዛርያን ልጅ ትንሿን ሊዲያን ትኩሳት ጣላት። እናቷ ስለሞተች የማሳድጋት እኔ ነኝ። የበቆሎ ገንፎውን እያማሰልኩ ጩኸቷን ሰምቼ ብሮጥ፣ አልጋው ላይ ትንፈራገጣለች፤ አባቷ አጠገቧ ቆሞ ይጸልያል። ግንባሯን ዳበስ አድርጌ "አይዞሽ የኔ እናት" ስላት ወዲያው ጸጥ አለች።

ቀና ስል ወንድሜ እጄ ላይ አፍጥጧል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምን ሆነሃል?"

"እትዬ... ስትነኪያት እኮ ዝም አለች።"

"ታዲያ ልጅ ሲያባብሉት ዝም አይልም እንዴ? አንተንስ ስንቴ..."

ሳልጨርሰው ነገሩ ገባኝ። ንዴቴ ገነፈለ።

"በል እሰረኝ! ምን ትጠብቃለህ? ገመዱን እኔው ላቀብልህ?"

"ተይ እትዬ፣ ስለ እግዚአብሔር!"

"ታቢታስ ስለ እግዚአብሔር አላለችህም?"

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት ይኸው ነው። "ኬዚያን እፈታታለሁ። በማስነካት መፍረዴ ስሕተት እንደነበር በሰው ፊት ተናግሬ የታቢታንም ስም አጠራለሁ፤ ልጆቿ የመተተኛ ልጆች ተብለው አይቀሩም" ብሎ ማለልኝ። እኔም አመንኩት።

ሰኞ ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። አዛርያ ተነሣ። ግራና ቀኝ የተቀመጡትን ዳኞች አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ማስረጃው በቂ ስላልሆነ ኬዚያ በነፃ ትሰናበት" ብሎ ቁጭ አለ።

ይኸው ነው! ስለ ማስነካቱ ትንፍሽ አላለም፤ የታቢታን ስም አላነሣም። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ሰንሰለቱን ፈቱላት። እግሩ ላይ ወድቃ ታመሰግነዋለች ሲባል ኬዚያ ንቅንቅ አላለችም።

"ክቡር ዳኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?"

"ጠይቂ።"

"ልጅቷ ያችው ናት። እህቴም ነካቻት፣ እኔም ነካኋት። ለእኔ ያልበቃው ማስረጃ ለእህቴ እንዴት በቃ?"

ተናገር፣ አሁን እንኳ ተናገር እያልኩ በሆዴ ለመንኩት።

"ችሎቱ ተነሥቷል" አለና በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ወጣ።

ኬዚያ ባዶውን ወንበር እያየች ቀረች። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ፤ ሰዉም ሁሉ ዞሮ አየኝ። መልሱን አውቀው ነበር፤ መልሱ ቅዳሜ ሊዲያን የዳበሰው የእኔ እጅ ነው። ሻሼን ፊቴ ላይ ስቤ እኔም በዚያው በጓሮ በር ወጣሁ።