ከላይ ቤት ጀምር

ሙህሲና ስልኳን የምትይዘው ሻርፗ ውስጥ ነው። ሳውዲ፣ አል ሙሐመዲያ ሰፈር በሰው ቤት የሚሠሩ ያገሬ ሴቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ ስልኩን በጆሮና በሻርፕ መሀል ሸጎጥ ያደርጉታል፣ ከዚያ እጃቸው ሳህን ያጥባል፣ አፋቸው ወሎ ድረስ ያወራል። ማዳም መጀመሪያ ሰሞን ትቆጣ ነበር፤ ኋላ ሰልችቷት ተወችው።

የሙህሲና ወሬ ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ወንድሟ ሳቢር በየመን በኩል ገብቶ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ መኪና ሲያጥብ ከረመ፤ አሁን አል ኹበር አል-ጀኑቢያ ሰፈር አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ከመሰሎቹ ጋር ሄሮይን በመርፌ ይወስዳል። ለምናዋለች፣ አልቅሳበታለች፣ ረግማዋለች። አንዱም አልሠራም። በመጨረሻ ቡሽራ የምትባል፣ የግል ክሊኒክ የምትሠራ ያገሯ ልጅ ነርስ፣ «እስኪያቆም ድረስ በሕይወት ይቆይልሽ። ሲወስድ ብቻውን አይሁን፤ ሰው ይስማው» ብላ መከረቻት።

ከዚያ ወዲህ ሳቢር መርፌውን ከማንሣቱ በፊት ይደውላል። ሙህሲና ሻርፗ ውስጥ ትሸጉጠውና «በል፣ ከላይ ቤት ጀምር» ትለዋለች። እሱም የመንደራቸውን ቤቶች ከላይ ወደ ታች እስከ ወንዙ ይጠራላታል። ድምፁ ከጠፋ ለጁሀር ትደውላለች። ጁሀር አጠገቡ ያለው ክፍል የሚያድር የአርሲ ልጅ ነው፤ እሱም ያው ሱሰኛ ነው፣ ግን ሮጦ ይደርስና ቡሽራ እንዳሳየችው አፍ ለአፍ ይተነፍስለታል። ሳቢር ከአንዴም ሁለቴ እንዲህ ተርፏል።

ነገሩ ተሰማ። ሐበሻ ባለበት ምን ተደብቆ ያውቃል! አርብ ዕለት ጀመዓው ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ባለው አዳራሽ ተሰበሰበ። ጀመዓ የሚባለው የታመመ የሚጠይቅ፣ የሞተ የሚቀብር የወሎዬዎች ማኅበር ነው። ቡሽራ ተነሥታ ለእነዚህ ልጆች ንጹሕ መርፌ እንዲታደል፣ ስልክ የሚያነሣላቸውም ሰው እንዲመደብ ጠየቀች። ቤቱ ተናወጠ። አንዱ ክርክሩን በቲክቶክ ላይቭ ለቀቀው፤ ከሪያድም ከጅዳም ሰው ገባበት፤ የማያገባው ሁሉ አገባው።

«ለሰካራምስ ብርጭቆ እናቅርብላቸው?» አለ አንዱ፤ ተሳቀ።

«ሲሞቱ ለመቅበር እንሰለፋለን» አለች ቡሽራ። «ሳይሞቱስ?»

ሼህ ኸጣብ፣ የጀመዓው ሰብሳቢ፣ እጃቸውን አነሡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር።

«ልጄ፣ ሬሳ ቤት እየሄድኩ ፊታቸውን የምለየው እኔ ነኝ። መርፌ ካቀበልናቸው በርቱ ማለታችን ነው። ፖሊስ ቢመጣ ደግሞ እዚህ ካለው ግማሹ ኢቃማ የለውም፤ ኸላስ፣ አለቅን። ማቆም የሚፈልግ ይምጣ። ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ፣ ኹሩጅ፣ የመውጫ ፈቃዱንም አስጨርሼ አገሩ እሸኘዋለሁ። እዚያው ልቀጥል ለሚል ግን መርፌም የለም፣ ማፊ፤ ስልክም ማፊ።»

«ማቆም እስኪፈልግ ማን ይጠብቀው?»

«አላህ።»

ከዚህ በኋላ ማን ይናገራል? እጅ ሁሉ ለዱዓ ተነሣ። «ይህን ቃል ያፈረሰ፣ አላህ በሚወደው ይያዘው» አሉ ሼህ ኸጣብ። «አሚን!» አለ አዳራሹ። ሙህሲናም በሴቶቹ መሀል እጇን ዘርግታ አሚን አለች፤ አፏ ከልቧ ቀደመ። በዚህ አገር የምትወደው ደግሞ አንድ ሳቢርን ብቻ ነው።

ደረጃው ላይ ቡሽራ ክንዷን ያዘቻት። «አሁን ሲደውል አታነሺለትም ማለት ነው?»

«በእሱ ላይ እኮ ነው ዱዓ የተደረገው። ካነሣሁ የሚሞተው እሱ ነው።»

«ሰው ዱዓ አይገድለውም፣ ሙህሲና። ትንፋሽ ማጣት ነው የሚገድለው።»

ሙህሲና ግን ፈራች። ሽማግሌ አሚን ያስባለበትን ቃል ማፍረስ እሷ ባደገችበት ቀዬ ቀልድ አይደለም። ለሳቢር ደውላ እውነቱን ነገረችው፤ «እስክታቆም አላነሣም፣ ሼህ ኸጣብ ጋ ሂድ።»

«እሄዳለሁ፣ እታለም» አላት። «ይቺን ሳምንት ብቻ።»

ሰኞ ቀትር፣ ከዙህር ሰላት በኋላ፣ ማዳም እንግዳ ነበረባት። ሙህሲና ሩዝ ስታጠልል ስልኩ ጆሮዋ ላይ ተንቀጠቀጠ። አውጥታ አየችው፤ ሳቢር ነው። ጠራ፣ ቆመ፣ እንደገና ጠራ። ትንሿ የማዳም ልጅ «ሙህሲና፣ ጀዋል!» ብላ ስልኩን ጠቆመቻት። «ኸሊ፣ ሀቢብቲ» አለቻት፤ ተይው። ስልኩን መደርደሪያው ላይ በግንባሩ ደፍታው «ያ ረብ፣ ጠብቀው» እያለች ሩዙን ማጥለሏን ቀጠለች። አለማንሣቷ ያድነዋል ብላ ነው። እሷን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው ያናድደኛል። በዚያ አዳራሽ እጁን አውርዶ የተቀመጠ ማን ነበር?

ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ የዐስር ሰላት ካበቃ በኋላ፣ ጁሀር ከሥራ ሲመለስ ሳቢርን ግድግዳ ተደግፎ አገኘው። ቀዝቅዟል። ስልኩ ጭኑ ላይ ነበር፤ ገና የድምፅ መልእክት እየቀዳ። ጁሀር እንዳለ ላከላት፤ ሌላ ምን ብሎ ይንገራት?

ሙህሲና መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈችና ሰማችው።

«እታለም፣ ሥራ በዝቶብሽ ነው አይደል? ግዴለም፣ እኔው ልጀምር። የነሰዳ ቤት። የነአብዱሽኩር ቤት፤ ውሻቸው ይናከሳል። የእትዬ ዙለይኻ ቤት። ቀጥሎ...»

ቀጥሎ የራሳቸው ቤት ነበር። አልደረሰበትም። ከዚያ የመንገድ መኪና ድምፅ ብቻ ነው፣ ረጅም። መጨረሻው ላይ የጁሀር ጩኸት አለ።

ሼህ ኸጣብ ሁሉን አደረጉ። ሬሳ ቤት ሄደው ፊቱን ለዩ፣ አሳጠቡ፣ ደማም ከተማ ቀበሩት። አርብ ያው አዳራሽ ለለቅሶ ሞላ። ሼህ ኸጣብ አለቀሱ፤ እንባቸው የውነት ነበር፤ የሚያበሽቀውም ይኸው ነው። ቡሽራ በሩ አጠገብ ቆማለች። ዓይኗን የሚያይ አልነበረም።

እጆች ተነሡ። «አላህ ሳቢርን ይማረው!»

«አሚን!»

«ወጣቶቻችንን ይጠብቅልን!»

«አሚን!»

የሙህሲና እጆች ጉልበቷ ላይ ነበሩ። በዚህ መሀል ሻርፗ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። አውጥታ አየችው። ጁሀር ነው። ያ ቤት ውስጥ አሁን አጠገቡ ማንም የለም። አነሣችው።

«ኧረ ዱዓ ላይ ነን!» አለች አጠገቧ ያለችው ሴት።

ሼህ ኸጣብ አቋረጡ። እጃቸው እንደተነሣ ነው። «ልጄ፣ ቃላችን...»

«ሼህ፣ የምወደውን እኮ ቀብረውልኛል» አለች ሙህሲና። «ከእንግዲህ በምን ይይዘኛል?»

ስልኩን ወደ ሻርፗ መልሳ ሸጎጠችው።

«ሙህሲና፣ ብቻዬን ነኝ» አለ ጁሀር።

«አለሁልህ። ከላይ ቤት ጀምር።»

«የናንተን መንደር እኮ አላውቀውም።»

«የራስህን።»

ጁሀር ትንሽ አሰበና የመጀመሪያውን ቤት ጠራ።